ቀኑ ቡሄ ነበር፣ ምጡ ግን አልመጣም

የአንባቢ ደብዳቤ

«ሰላም እትዬ። 25 ዓመቴ ነው። ባሕር ዳር ሽምብጥ ነው የምኖረው፣ የመጀመሪያ ልጄን አርግዣለሁ። የመጨረሻው የወር አበባዬ የጀመረው ኅዳር 3 ነው። በሦስተኛ ወሬ የታየሁት አልትራሳውንድም በሁለት ቀን ልዩነት ከዚሁ ጋር ገጥሟል። ቀንሽ ነሐሴ 13 ነው ተባልኩ፣ የቡሄ ዕለት። ቡሄ አለፈ፣ ጾሙም ተፈታ፣ እኔ ግን ቁርጠት እንኳን የለኝም። ክትትል የማደርግበት ቦታ ነሐሴ 20 ነይ፣ እስከዚያ ካልመጣ ምጡን በመድኃኒት እናስጀምርልሻለን ብለውኛል። እኔ ደግሞ መርፌውን በጣም ፈራሁት። መርፌ የተሰጣት ሁሉ መጨረሻዋ ኦፕሬሽን ነው ይላሉ። አማቴ ከዘጌ መጥተው እኔ ጋር ናቸው። ጉሎ ዘይት ልስጥሽ፣ ሆድ የምታሽ ሴትም አውቃለሁ ይላሉ። እሱ ካልሆነ ደግሞ ማህፀን የሚፈታው ሩፋኤል ነው፣ እስከ ጳጉሜን 3 ጠብቂ ይሉኛል። ጎረቤቴ ባጃጅ ተሳፍረሽ ኮብልስቶን ላይ ተንገጫገጪ አለችኝ። ፋርማሲ የምትሠራ ጓደኛዬ ደግሞ ምጥ የሚያመጣ ኪኒን ላምጣልሽ ብላኛለች። ግራ ገባኝ። በተፈጥሮ መንገድ ምጤን የማመጣበት ነገር ካለ እባክዎ ይንገሩኝ።
ቀኔ ያለፈብኝ፣ ከባሕር ዳር»

መልስ

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ያነበብኩት ዛሬ ነሐሴ 18 ጠዋት ነው። ወረፋ የሚጠብቁ ሌሎች ደብዳቤዎች ነበሩ፣ ያንቺን አስቀደምኩ። ያንቺ ነገር ሳምንት አይቆይም።

ለማታውቁኝ፣ አዋላጅ ነርስ ነኝ። ምጥ ክፍል ውስጥ ብዙ ሌሊት አድሬያለሁ። ሦስት ልጆችም ወልጃለሁ፣ ሁለተኛዋ ከቀኗ 9 ቀን አሳልፋ ነው የመጣችው። ስለዚህ ጠዋት ከእንቅልፍሽ ሳትነሺ ስልክ መደወሉን፣ «እስካሁን አልወለድሽም እንዴ?» መባሉን፣ እግርሽ አብጦ ጫማ አልገባ ማለቱን፣ ሌሊት አሥር ጊዜ ለሽንት መነሳቱን አውቀዋለሁ። ሰው ሁሉ የሚመክርሽ አንቺን ወዶ ነው። ግን ከተመከርሽው ውስጥ አንዳንዱ አይጠቅምም አይጎዳም፣ አንዳንዱ ደግሞ ልጅሽንም አንቺንም ሊገድል የሚችል ነው። እሱን ነው ለይቼ ልነግርሽ የምፈልገው።

ዋናውን ቀድሜ ልንገርሽ። ቤት ውስጥ ተበልቶም ሆነ ተጠጥቶ ያልደረሰን ምጥ በእርግጠኝነት የሚያመጣ ነገር የለም። በጉልበት የሚያመጡት አደገኛ ናቸው። እነዚህን ሁለት ቀናት አርፈሽ፣ ትንሽ እየተራመድሽ፣ የልጅሽን እንቅስቃሴ እያዳመጥሽ አሳልፊያቸው፤ ነሐሴ 20 ቀጠሮሽ ላይ ተገኚ።

አሁን ቀኑን እንቁጠረው፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ስለሆነ። እርግዝና ከመጨረሻው የወር አበባ የመጀመሪያ ቀን አንስቶ 280 ቀን ነው፣ 40 ሳምንት ማለት ነው። በእኛ አቆጣጠር ወሩ ሁሉ 30 ቀን ስለሆነ ሒሳቡ በጣም ይቀላል፦ 9 ወር ከ10 ቀን። ኅዳር 3 ላይ 9 ወር ስትጨምሪ ነሐሴ 3፣ 10 ቀን ስትጨምሪ ነሐሴ 13። ቀንሽ በትክክል ቡሄ ነው። መሃል ላይ ጳጉሜን ካለፈች ግን 10 ሳይሆን 5 ቀን ነው የሚጨመረው፣ ጳጉሜን 6 በሆነችበት ዓመት ደግሞ 4። እኔ ራሴ የመጀመሪያ ልጄን ሳረግዝ ገና ተማሪ ነበርኩ። የወር አበባዬ ጥር 10 ነበር፣ ጳጉሜንን ረስቼ ቀኔ ጥቅምት 20 ነው እያልኩ ስዞር ክትትል ላይ ያገኘችኝ አዋላጅ ጥቅምት 15 ነው ብላ አረመችኝ። አምስት ቀን ትንሽ ይመስላል። ግን ስህተቱ ወዴት እንደሚወስድ እዪው፦ ጳጉሜንን የረሳች ሴት ገና ጊዜ አለኝ ብላ ስታስብ ቀኗ አልፏል።

የሦስት ወር መርፌ ስትወጋ ቆይታ አቁማ፣ የወር አበባዋ በወጉ ሳይመለስ ያረገዘች ሴትም በወር አበባ ቆጥራ አትደርስበትም። ለእሷ የሚሻላት በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት የሚታይ አልትራሳውንድ ነው፣ ከሳምንት በላይ እምብዛም አይሳሳትም። በዘጠነኛው ወር የታየ አልትራሳውንድ ግን እስከ ሦስት ሳምንት ወዲያና ወዲህ ሊል ይችላል። አንቺ ዕድለኛ ነሽ፣ ሁለቱም አሉሽ፣ ሁለቱም ገጥመዋል። ስለዚህ «ምናልባት ተሳስተው ይሆናል» የሚለውን ተስፋ ከአሁኑ ተዪው። ዛሬ 40 ሳምንት ከ5 ቀንሽ ነው። ነሐሴ 20 ልክ 41 ሳምንት ይሞላሻል። ቀጠሮው እዚያ ቀን ላይ የተቆረጠው በአጋጣሚ አይደለም።

እስካሁን ግን ምንም የሚያስደነግጥ ነገር የለም። በተባለለት ቀን የሚወለደው ልጅ ከ100 ውስጥ 5 ያህሉ ነው። የመጀመሪያ ልጅ ደግሞ ቀኑን ማሳለፍ ይወዳል። ችግሩ የሚመጣው ከ41 ሳምንት ወዲያ ነው። እንግዴ ልጁ ልጁን የሚያበላውና የሚያስተነፍሰው አካል ነው፣ ዕድሜ አለው። ጊዜው ሲያልፍ ይደክማል። ሽርት ውሃው እየቀነሰ ይሄዳል። ልጁ እዚያው ውስጥ ካካ አድርጎ ሲወለድ ወደ ሳንባው ሊስበው ይችላል። ሆድ ውስጥ እንዳለ የመሞቱም ዕድል ቀስ በቀስ ይጨምራል። ስዊድን ውስጥ 2,760 እናቶች የተሳተፉበት አንድ ጥናት ነበር፤ ግማሾቹ ልክ 41 ሳምንት ላይ ምጥ እንዲጀመርላቸው፣ ግማሾቹ ደግሞ እስከ 42 እንዲጠብቁ ተደረገ። በፈረንጆቹ 2018 ጥናቱ ሳያልቅ እንዲቆም ተወሰነ፣ ምክንያቱም ከሚጠብቁት በኩል 6 ሕፃናት ሞቱ፣ ከሌላው በኩል አንድም አልሞተም። የዓለም ጤና ድርጅትም ቀኗ በትክክል የሚታወቅ እናት 41 ሳምንት ከሞላት ምጥ ይጀመርላት የሚለው ለዚህ ነው። ላስፈራራሽ አይደለም። አብዛኛው ልጅ ቢዘገይም በሰላም ይወለዳል። ግን የትኛው ልጅ ያ አንዱ እንደሚሆን እኛ አዋላጆች በእጃችን ዳስሰን አናውቅም።

እሺ፣ ምጥ እንዴት ነው የሚመጣው? የማህፀንሽ በር አስቀድሞ መብሰል አለበት። ተማሪ ሳለን እንዲህ ብለው ነው ያስተማሩን፦ ያልደረሰ የማህፀን በር ስትነኪው እንደ አፍንጫሽ ጫፍ ጠንከር ይላል፣ የደረሰ ደግሞ እንደ ከንፈርሽ ይለሰልሳል። ይሄ መለስለስ ቀናት የሚወስድ ሥራ ነው፣ አንቺ ሳታውቂው ምናልባት አሁን እየተካሄደ ነው። በሩ ሳይለሰልስ ማህፀኑን በግድ ማኮማተር የተቆለፈ በርን በትከሻ እንደመግፋት ነው።

በእግር መሄድ ጥሩ ነው። ምጥ ያስጀምራል ተብሎ በጥናት የተረጋገጠ ነገር የለም፣ ግን ወገብሽን ያፍታታል፣ እንቅልፍ ያመጣል፣ ጭንቀትም ያቀላል። ዝናቡ ሲያባራ ከባለቤትሽ ጋር ወደ ሐይቁ ዳር ወርደሽ ግማሽ ሰዓት ያህል ቀስ ብለሽ ተራመጂ፣ ሲደክምሽ ተቀመጪ። የነሐሴ ጭቃ ያንሸራትታል፣ ሆድሽ ሚዛንሽን ቀይሮታል፣ ስለዚህ ዝቅ ያለ ጫማ አድርጊ፣ ክንዱንም ያዢ። ቤዛዊት ኮረብታ ላይ ለመውጣት እንዳታስቢ። የባጃጁን ነገር ደግሞ በጭራሽ። መንገጫገጭ የማህፀን በር አይከፍትም። ባጃጁ ቢገለበጥ ወይም ሆድሽ ከብረቱ ጋር ቢጋጭ ግን እንግዴ ልጁ ሊላቀቅ ይችላል።

ምግብ ላይ ስመጣ፣ ተልባ ሳይሰጡሽ አልቀረም፣ ባትጽፊውም። በእኛ አገር ወሯ የገባች ሴት ሁሉ ተልባ ትጠጣለች፣ ልጁን ያንሸራትተዋል ይባላል። እናቴም ሰጥታኛለች። የሚጠጣ ነገር ግን የሚወርደው ወደ አንጀት ነው፣ ልጁ ያለው ማህፀን ውስጥ ነው፣ ሁለቱ የተለያዩ ክፍሎች ናቸው። ተልባ ድርቀት ስለሚያቀልልሽ አንድ ብርጭቆ ብትጠጪ ግድ የለም፣ ልጁን ግን አያንሸራትተውም። አናናስም፣ ሚጥሚጣ የበዛበት ምግብም እንዲሁ ነው። ቃር ነው የሚያተርፍልሽ።

ቴምር ለየት ይላል። ዮርዳኖስ ውስጥ በተሠራ ጥናት ከመውለጃቸው በፊት ባሉት አራት ሳምንታት በየቀኑ 6 ፍሬ ቴምር የበሉ ሴቶች ሆስፒታል ሲደርሱ የማህፀን በራቸው የበለጠ ተከፍቶ ተገኝቷል፣ ምጣቸውም ካልበሉት ይልቅ በራሱ የመጣላቸው ይበዛሉ። ጥናቱ ትንሽ ነው፣ 114 ሴቶች ብቻ ናቸው የተሳተፉበት፣ ግን ደስ ይላል። ነገሩ ቴምሩ የሚበላው ከ36ኛው ሳምንት ጀምሮ ነው። አንቺ ዛሬ አንድ ኪሎ ገዝተሽ ብትጨርሺው ነገ አያስምጥሽም። ከወደድሽው ብዪው፣ ለምጡም ጉልበት ይሆንሻል። ስኳር አለብሽ የተባልሽ ከሆነ ግን ይቅር። ይህን የምታነብቢ የስምንት ወር እርጉዝ ካለሽ፣ ላንቺ ነው የሚሆነው።

ከባለቤትሽ ጋር መተኛትን ብዙ ሴቶች አፍረው አይጠይቁም፣ አንቺም አልጠየቅሽም፣ እኔ ልመልሰው። የወንድ ዘር ውስጥ የማህፀን በርን ከሚያለሰልሰው ነገር ጋር አንድ ዓይነት የሆነ ንጥረ ነገር አለ፣ ሐሳቡ ከዚያ ነው የመጣው። በጥናት ሲታይ ግን ምጥን እንደሚያፋጥን አልተረጋገጠም። ሽርት ውሃሽ ካልፈሰሰ፣ ደም ካልታየሽ፣ እንግዴ ልጁ ዝቅ ብሎ ተቀምጧል ካልተባልሽ አይጎዳም። ፍላጎቱ ካላችሁ ችግር የለውም፣ እንደ መድኃኒት ግን አትውሰጂው።

የጡትን ጫፍ ማሸት ግን በእርግጥ የሚሠራ ነገር ነው፣ ለዚህም ነው በጥንቃቄ የምናገረው። ጡት ሲነካካ ሰውነትሽ ኦክሲቶሲን ያመነጫል፣ ሆስፒታል በግሉኮስ ከሚሰጠው ጋር አንድ ነው። ጥናቶች ተሰብስበው ሲታዩ ይህን ካደረጉት መካከል በሦስት ቀን ውስጥ ምጥ የጀመራቸው ከ100 ወደ 37 ናቸው፣ ካላደረጉት ደግሞ 6 ያህል። ይህ ግን የሠራው የማህፀን በራቸው አስቀድሞ ለተዘጋጀ ሴቶች ብቻ ነው። ችግር ባለባቸው እርጉዞች ላይ ሲሞከር ደግሞ ጽንስ በመሞቱ ሙከራው ተቋርጧል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ ማህፀኑ ሳያርፍ ደጋግሞ ሲኮማተር ልጁ አየር ያጥረዋል። ስለዚህ ይህን አዋላጅሽን ሳትጠይቂ አታድርጊው። እሷ አይታሽ ትችያለሽ ካለችሽ፣ አንዱን ጡት ብቻ፣ ቁርጠት በመጣ ቁጥር እያቆምሽ። ደም ግፊት ያለባት፣ መንታ ያረገዘች፣ ከዚህ በፊት በኦፕሬሽን የወለደች ሴት ግን በፍጹም እንዳትሞክረው።

ጉሎ ዘይት። አማትሽ ክፉ አስበው አይደለም፣ የድሮ እናቶች ሲያደርጉት አይተው ነው። ጉሎ የሚሠራው አንጀትን በኃይል በማነቃነቅ ነው። አንጀት ሲታወክ ማህፀንም አብሮ ሊኮማተር ይችላል፣ አንዳንዴም ምጥ ይመጣል። በምን ዋጋ ግን? በጥናት የጠጡት ሴቶች በሙሉ አቅለሽልሿቸዋል። ተቅማጡ ሌሊቱን ሙሉ ሲያመላልስሽ ያድርና ውሃሽ አልቆ፣ ጉልበትሽ ተሟጦ ምጥ ትጀምሪያለሽ። ምጥ ጉልበት የሚጠይቅ ሥራ ነው፣ የመጀመሪያ ልጅ ምጥ ደግሞ ከአንድ ቀን በላይ ሊወስድ ይችላል። በቤት ውስጥ ከፍሬው የተጨመቀ ከሆነ ደግሞ ይብሳል፣ የጉሎ ፍሬ ራሱ መርዝ አለው። እሳቸውን እንዲህ በያቸው፦ «እማማ፣ ተቅማጥ ከያዘኝ መግፊያ ጉልበት አይኖረኝም።» ይገባቸዋል፣ ወልደው የሚያውቁ ሴት ናቸው።

ጤና አዳምን በቡና ውስጥ አንዲት ቅጠል አድርጎ መጠጣትና ጨምቆ በብርጭቆ መጋት አንድ አይደለም። ብዙው ማህፀን ያደማል። ኮሶና እንዶድንም ማንም «ያስወልዳል» ብሎ ቢያመጣልሽ ከቤትሽ አስወጪው። አረቄም እንዲሁ።

መታሸቱ ላይ ግን ልለምንሽ ነው። አንድ ሌሊት ከሐይቁ ማዶ በጀልባ የመጣች ሴት ተቀብዬ ነበር። እሷም እንዳንቺ ቀኗ አልፎ ነበር፣ ሆዷን ታሽታ ነበር የመጣችው። ሆዷ እንደ እንጨት ደርቋል። እንግዴ ልጁ ከማህፀኑ ግድግዳ ተላቆ ውስጥ ውስጡን እየደማች ነበር። እሷን አተረፍናት። ልጁን አልቻልንም። ያሸቻት ሴት እዚያው ኮሪደር ላይ ቁጭ ብላ ታለቅስ ነበር፣ የምትወዳት አክስቷ ነበረች። ከዚያ ወዲህ «ትንሽ ዳበስ ብቻ» የሚለውን ቃል ስሰማ ያ ኮሪደር ይመጣብኛል። ወገብሽን፣ እግርሽን፣ ትከሻሽን ይሹሽ፣ ደስ ይላል። ሆድሽን ግን ማንም አይጫነው። አትታሺ እህቴ።

ኪኒኑም ያው ነው። ጓደኛሽ የምትለው ሚሶፕሮስቶል መሆን አለበት። መድኃኒቱ ራሱ ጥሩ መድኃኒት ነው፣ እኛም ምጥ ለማስጀመር እንጠቀምበታለን። ግን የዓለም ጤና ድርጅት ለምጥ ማስጀመሪያ የሚመክረው በአፍ 25 ማይክሮግራም በየ2 ሰዓቱ ነው። ፋርማሲ የሚሸጠው ፍሬ አብዛኛውን ጊዜ 200 ማይክሮግራም ነው። አንዷን ፍሬ ስትውጪ የሚገባውን ስምንት እጥፍ ወሰድሽ ማለት ነው፣ ያውም የልጁን የልብ ምት የሚያዳምጥ ሰው በሌለበት። ማህፀን ሊቀደድ ይችላል። የጓደኝነታችሁን ያህል አመስግኚያትና አይሆንም በያት።

አሁን አንድ የምትጠይቂው ነገር ልስጥሽ፣ ብዙ እናቶች ስለማያውቁት አይጠይቁትም። አዋላጇ ስትመረምርሽ የማህፀን በርሽ ትንሽ ከተከፈተ ጣቷን አስገብታ የሽርት ውሃውን ከረጢት ከማህፀኑ ግድግዳ በክብ በቀስታ ልታላቅቀው ትችላለች። ያኔ ሰውነትሽ በሩን የሚያለሰልሰውን ነገር ራሱ ያመነጫል። መድኃኒት የለውም፣ መርፌ የለውም፣ ሁለት ደቂቃ ያህል ነው የሚፈጀው። ያማል፣ አልዋሽሽም፣ በማግሥቱም ትንሽ ደም የቀላቀለ ንፍጥ ነገርና ቁርጠት ሊኖር ይችላል። ግን በመድኃኒት ምጥ የማስጀመርን አስፈላጊነት እንደሚቀንስ የታወቀ ነው፣ የዓለም ጤና ድርጅትም ይመክረዋል። «በተፈጥሮ መንገድ» ላልሽው በጣም የሚቀርበው ይሄ ነው። ነገ ነሐሴ 19 ጠዋት ሂጂና «ለነገ ቀጠሮ አለኝ፣ ዛሬ መርምራችሁ ከተቻለ ከረጢቱን አላቁልኝ» በያቸው። ምናልባት ሌሊቱን ምጥሽ ራሱ ይመጣል። ካልመጣም ምንም አልከሰርሽም።

መርፌውን መፍራትሽን አልፈርድብሽም። የሰማሻቸው ታሪኮች እውነት ናቸው፣ ምጥ ተጀምሮላቸው ኦፕሬሽን የሆኑ ሴቶች አሉ። ግን ብዙዎቹ ኦፕሬሽን የሆኑት አስቀድሞ ችግር ስለነበረ ነው ምጡም የተጀመረላቸው። ቀናቸው ያለፈ፣ ሌላ ችግር የሌለባቸው ሴቶች ተለይተው ሲታዩ ውጤቱ ሰው ከሚለው ተቃራኒ ነው። ከ21,000 በላይ እናቶች ያሉባቸው ጥናቶች ተደምረው በፈረንጆቹ 2020 ሲታዩ፣ ምጥ የተጀመረላቸው ከጠበቁት ይልቅ በኦፕሬሽን የወለዱት በትንሹም ቢሆን ያነሱ ናቸው። የሞቱ ሕፃናትም እንዲሁ።

ደግሞ ሁልጊዜ በመርፌ አይደለም የሚጀመረው። በሩ ካልበሰለ መጀመሪያ የሚያበስል ነገር ይሰጥሻል፣ ወይ በትንሽ በትንሹ የሚወሰደው ኪኒን፣ ወይ በውሃ የሚሞላ ትንሽ ፊኛ ያለው ቱቦ ከበሩ ላይ ይቀመጥልሻል፣ መድኃኒት የሌለበት። በሩ ሲለሰልስ ነው ኦክሲቶሲኑ በግሉኮስ በጠብታ የሚጀመረው፣ እሱም እየታየ ከፍ ዝቅ ይላል። አንድ ቀን ሙሉ ሊወስድ ይችላል፣ ሁለትም ሊሆን ይችላል፣ ስለዚህ «አልሠራልኝም» ብለሽ ቶሎ ተስፋ እንዳትቆርጪ። ቁርጠቱ በራሱ ከሚመጣው ጠንከር ሊል ይችላል። ለሕመሙ ምን አላችሁ፣ አብራኝ የምትሆን ሴት ትገባለች ወይ፣ የልጁን የልብ ምት በየስንት ጊዜው ታዳምጣላችሁ ብለሽ ጠይቂ። መብትሽ ነው።

አማትሽ ያሉት የሩፋኤል ነገር ልቤን ነካው። እኔም ምጥ ላይ ሆኜ ስሙን ጠርቻለሁ፣ ማርያም ማርያም ብያለሁ። ግን ጳጉሜን 3 ስትቆጥሪው 300ኛ ቀንሽ ነው፣ 43 ሳምንት ሊሞላሽ አንድ ቀን ሲቀረው ማለት ነው። እስከዚያ መጠበቅ አይቻልም። ጸበሉን ጠጪ፣ ስለቱንም ተሳዪ፣ አማትሽም አብረውሽ ሆስፒታል ይግቡና አልጋሽ ራስጌ ቁጭ ብለው ይጸልዩልሽ። የምጥ ክፍል ግድግዳ ጸሎት አይከለክልም። ስንት እናት አዋላጇ የልብ ምት እያዳመጠች፣ አማቷ ውዳሴ ማርያም እየደገሙላት ስትወልድ አይቻለሁ። ከፈለግሽ ይህንን ደብዳቤ አንብቢላቸው።

ከዛሬ ጀምሮ እስክትወልጂ ድረስ ደግሞ ሥራሽ አንድ ነው፣ ልጅሽን ማዳመጥ። «ወሯ ከገባ ልጁ ዝም ይላል፣ ቦታ ስለጠበበው ነው» የሚሉሽን አትስሚ። እስከ መጨረሻው ቀን ይንቀሳቀሳል። የሱን ጸባይ አንቺ ነሽ የምታውቂው። ቀዘቀዘብኝ ካልሽ የሆነ ነገር ብዪና በግራ ጎንሽ ተኝተሽ ልብ ብለሽ ቁጠሪ። በሁለት ሰዓት ውስጥ 10 ጊዜ ካልተንቀሳቀሰ ተነሺና ሂጂ። ቁጥሩ ሞልቶም ልብሽ ካልተረጋጋ ሂጂ። ሌሊት ስምንት ሰዓት ቢሆንም፣ ዝናብ ቢዘንብም። ጠዋት እስኪነጋ ልጠብቅ አትበዪ። ምንም አይደለም ተብለሽ ብትመለሺ ደስ ብሎሽ ትመለሻለሽ።

ሽርት ውሃሽ ከፈሰሰም፣ ቁርጠት ባይኖርም ሂጂ፣ ቀለሙ ወደ አረንጓዴ ወይም ቡናማ ካደላ ደግሞ በሩጫ። ደም ከፈሰሰሽ፣ የማይተው ራስ ምታት ከያዘሽ፣ ዓይንሽ ከተጋረደ፣ ፊትሽና እጅሽ ድንገት ካበጠ፣ ትኩሳት ካለሽም እንደዚሁ። ምጡ በደህና ከመጣና ቁርጠቱ በየአምስት ደቂቃው እየመጣ አንድ ደቂቃ ያህል የሚቆይ ከሆነ፣ ለአንድ ሰዓት እንዲያ ከቀጠለ፣ ጊዜው ደርሷል።

(ከደቅ፣ ከዘጌ ወይም ሌላ ሩቅ ቦታ ሆናችሁ ይህን ለምታነቡ፦ ወራችሁ ሲገባ አስቀድማችሁ ተሻገሩ። ሌሊት ማዕበል ሲነሳ ጀልባ አይገኝም። ጤና ጣቢያው የእናቶች ማቆያ ካለው እዚያ ሆናችሁ ጠብቁ፣ ወይም ከተማ ዘመድ ቤት ቆዩ።)

ዛሬ ማታ ሻንጣሽን አዘጋጂ። የክትትል ካርድሽ፣ የአልትራሳውንዱ ወረቀት፣ የልጁ ልብስና ፎጣ፣ ነጠላ፣ ሞዴስ፣ ለአንቺ ቴምርና ውሃ። በሌሊትም ቢሆን ስልኩን የሚያነሳ አንድ የባጃጅ ወይም የላዳ ሹፌር ባለቤትሽ አነጋግሮ ይያዝ፣ መኪና ያለው ጎረቤት ካለም ይነገረው። ከዚያ ስልክሽን ለባለቤትሽ ስጪው፣ «ወለደች ወይ» ለሚሉት ሁሉ እሱ ይመልስ። አንቺ እግርሽን ከፍ አድርገሽ ተኚ።

ከወለድሽ በኋላ፣ ገንፎሽን ከበላሽ በኋላ ጻፊልኝ። ማርያም በሽልም ታውጣሽ።